የካኸርባን አራተኛው ቤት

ጃርላት ኪልባን ሰኞ ማለዳ በጎቹን መድኃኒት ውስጥ ሊነክር ወጥቶ መንከሪያ ገንዳው ውስጥ ሬሳ ሲያገኝ፣ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ጎረቤት ነበር። የመጀመሪያዋ ጎረቤት መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ አየችውና መልሳ ዘጋችው። ቀጥሎ ያለው ቤት ሬዲዮው ጠፋ እንጂ በሩ አልተከፈተም። ሦስተኛው ውሻውን ፈታበት። «ሰው ሞቷል! ኧረ የሰው ያለህ!» እያለ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጮኽበትም፣ ካኸርባን መንደር ውስጥ ጆሮ ያለው ፍጡር የቀረ አይመስልም ነበር። በመጨረሻ ወደ ቤቱ ተመልሶ ለፖሊስ ደወለ።

ኢንስፔክተር ዲምፕና ሩዋን ስትደርስ ያ ሁሉ ደንቆሮ መንደር አጥሩ ላይ ተደርድሮ ጠበቃት። ለጃርላት የተደፈነው ጆሮ የፖሊስ መኪና ሲሰማ ተከፍቷል።

ሟቿ ኦኖራ ላቬል ነበረች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ጡረተኛ መምህርት። አሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ ዘራቸውን ፍለጋ ለሚመጡ ሰዎች ከድሮው የሕዝብ ቆጠራ ውስጥ አያት ቅድመ አያታቸውን ታወጣላቸው ነበር። ግማሹን አውራጃ ፊደል ያስቆጠረች ሴት ናት። የሩዋን ረዳት ሳጅን ማላኪም ተማሪዋ ነበርና፣ ሬሳው ሲወጣ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን አዞረ።

ሐኪሙ ተንበርክኮ ቆየና ተነሣ።

«ገንዳው አልገደላትም። መድኃኒቱ ሳንባዋ ውስጥ አልገባም። ከከፍታ ወድቃለች፤ ዳሌዋ ተሰብሯል፣ ራሷም ተሰንጥቋል። እዚህ ያመጧት ከሞተች በኋላ ነው።»

«ወዲያው ነው የሞተችው?» አለች ሩዋን።

«አይደለም። ቆይታለች።»

«ምን ያህል?»

«ሰው ለመጣራት የሚበቃ ያህል» አለ ሐኪሙ። «ጥፍሮቿን እዪ። የሆነ ነገር ስትቧጥጥ ነበር።»

---

የጃርላት ወጥ ቤት ንጹሕ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲኒ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ።

«ከማን ጋር ተጣልተዋል?» አለች ሩዋን።

«ከማንም። ለመጣላትም እኮ የሚያናግርሽ ሰው ያስፈልጋል።»

«መምህርት ኦኖራን ይጠሏቸው ነበር?»

«አምርሬ!» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። «ጻፊው። አምርሬ ነው የምጠላት። እኔ ግን አልገደልኳትም።»

ነገሩን ሩዋንም በወሬ ሰምታው ነበር። ባለፈው ክረምት መምህርቷ በደብሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ሰቀለች። በ1901 ቆጠራ የካኸርባን አራተኛ ቤት የረዲዎች ነበር፤ ባለርስቱ በበረዶ ከነሕፃናታቸው አውጥቶ የጣላቸው፣ ሁለቱ ልጆች መንገድ ላይ የቀሩባቸው ረዲዎች። በ1911 ቆጠራ እዚያው አራተኛ ቤት ውስጥ የተገኙት ኪልባኖች ናቸው፤ ከዐሥር ዓመት በፊት ዘጠነኛው ቤት ይኖሩ የነበሩ ኪልባኖች። ሰዉ አነበበው፣ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚህ አገር ሰው ሰርቆ፣ ሰክሮ፣ ሚስት ትቶም ይቅር ይባላል። ተባርሮ የወጣ ቤተሰብ ምድጃ ላይ እሳት ያነደደ ሰው ግን የልጅ ልጁም ይቅር አይባልም።

ከማግስቱ ጀምሮ ጃርላትን ሰላም የሚለው ጠፋ። ሱቅ ሲገባ ሻጩ ጀርባውን ይሰጠዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጥ አግዳሚው ባዶ ይሆናል። የካቲት ላይ ሚስቱ ዴልያ ሞተች። በዚህ በሜዮ አውራጃ ሬሳ የሚሸከመው ጎረቤት ነው፣ በየተራ፣ ትከሻ እየተቀባበለ። ለዴልያ አንድም ትከሻ አልመጣም። ሣጥኗን ጃርላት፣ ቄሱና የሣጥን ነጋዴው በብረት ጋሪ እየገፉ ጭቃውን አቋረጡ።

«ትላንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ በጎቹ ጋ። ምስክር ከፈለግሽ እነሱን ጠይቂ። እነሱ እንኳ እስከ ዛሬ አላኮረፉኝም።»

ማላኪ ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ የሩዋንን ፊት አይቶ ተወው።

---

የመጠጥና የሸቀጥ ቤቱ ባለቤት ኡልታን ጊንቲ ለፖሊሶቹ ሳንድዊች አቀረበ፣ ሻይ አፈላ፣ ወንበር ጠረገ። ሰፊ፣ ቀይ ፊት ያለው፣ ሁሉን በስሙ የሚጠራ ሰው ነው። ለረዲዎች መታሰቢያ የሚቆመው ድንጋይ ኮሚቴ ሊቀ መንበርም እሱ ነው። ድንጋዩ በመጪው እሑድ ይመረቃል፤ የተባረሩት ሰዎች ስም ይቀረጽበታል፤ ከሥር ደግሞ ቤታቸውን የወሰደው ሰው ስም፣ የጃርላት አያት።

«ምስኪን መምህርታችን!» አለ ኡልታን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ማባዣ ሠንጠረዥ በዱላ ነው ያስገቡልኝ። ኧረ ማን ጨከነባቸው? ማለቴ… ማን እንደሆነስ ሁላችንም እናውቃለን።»

«ትላንት እዚህ መጥተው ነበር?»

«ትላንት? የለም፣ የለም። ትላንት የአውራጃችን ቡድን ይጫወት ነበር እኮ፤ ቤቱ ሰው በሰው ነበር። መርፌ ብትጥሉ መሬት አትደርስም። እሳቸው ደግሞ ኳስ አይወዱም።»

«እርስዎስ? እዚሁ ነበሩ?»

«ጠይቋቸው!»

ጠየቀቻቸው። በየጠረጴዛው ያሉት ሁሉ ኡልታን ከባንኮኒው ንቅንቅ አላለም ብለው ማሉ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ፊንባር ብቻ አፉን አጣመመ።

«ቴሌቪዥኑን ግን አስጮኸብን» አለ። «ከእረፍት በኋላማ ጆሯችን ሊበጠስ ነበር። ደግሞ በእረፍቱ የቢራ በርሜል ልቀይር ብሎ ምድር ቤት ወርዶ ጠፋ። ሲመለስ ቢራው ያው የተኛ ቢራ! ምኑን እንደቀየረው እንጃለት።»

«ፊንባር መንግሥተ ሰማያት ቢገባ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የቅሬታ ሳጥኑን ነው» አለ ኡልታን።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሩዋንም ሳቀች፤ ኋላ ላይ በዚያ ሳቋ በጣም ተናደደች።

---

ዌንደል ረዲ ከኦሃዮ የመጣ፣ የድንጋዩን ወጪ የሸፈነ ሰው ነው። ቅዳሜ ዕለት በእንግዳ ማረፊያው ሳሎን ከመምህርቷ ጋር ሲጯጯሁ ሰው ሰምቷቸዋል።

«አዎ ጮኼባቸዋለሁ» አለ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ምን ላድርግ? ቅርጹ ይቁም አሉኝ። ሳምንት ሲቀረው! አያቴ በዚያ በረዶ ሁለት ወንድሞቹን ቀብሮ ነው አሜሪካ የገባው። እኔ ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ጠበቅኩ?»

«ለምን ይቁም እንዳሉ ነገሩዎት?»

«አልነገሩኝም። ‹መጀመሪያ ቤቶቹን በእግሬ ሄጄ ላረጋግጥ፤ ከዚያ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለ› ብለው ወጡ።»

የእሱ እሑድ የታወቀ ነበር፤ ጨዋታው ከመጀመሩ እስኪያልቅ መጠጥ ቤቱ ውስጥ በሦስት ሰዎች መካከል ተጣብቆ ነው ያየው። የሩዋን ዋና አዛዥ ግን ይህን ቃል በስልክ ሲሰማ ደስታውን አልደበቀም።

«በቃ! ይቅርታ ልትጠይቅ ጃርላት ጋ ሄደች፣ እሱም የሆዱን ተወጣ። ገንዳው የእሱ፣ ቂሙ የእሱ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የወደቀችበትን ቦታ፣ ጌታዬ። የእሱ ግቢ ሜዳ ነው። ሰው የሚወድቅበት ከፍታ የለውም።»

«ነገ ጠዋት ይታሰር። ሩዋን፣ እየሰማሽኝ ነው?»

ስልኩን ዘጋች። ነገ ጠዋት ሚስቱን በጋሪ ገፍቶ የቀበረውን ሰው እጁን በካቴና አስራ፣ በዚያ አጥር ላይ በሚደረደረው ሕዝብ ፊት ልትወስደው ነው። ቢታሰር ደግሞ ለእሱ ጥፋት የማይመሰክር አንድም ሰው መንደሩ ውስጥ እንደማይገኝ ታውቃለች።

---

ከሰዓት በኋላ ካኸርባንን ቤት ለቤት ጠየቁ። መንደሩ አንድ መንገድ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ቤት፣ በአንዱ ጫፍ ድልድይ፣ በሌላው ጫፍ የድሮው ፖሊስ ጣቢያ ፍርስራሽ። ማላኪ ከድልድዩ፣ ሩዋን ከፍርስራሹ ተነሥተው ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሄዱ። አንዱ ያልሰማውን ሌላው እንዲሰማ ሩዋን ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች።

የመጀመሪያው ቤት አሮጊት፦ «አዎ፣ እሑድ መጥተው ነበር። ደጃፌ ቆመው መስኮቴን ቆጠሩ። ‹መምህርት፣ ሻይ?› ብላቸው ‹በመንገዴ አትግቢ› ብለውኝ ሄዱ።»

ሁለተኛው ቤትም መስኮት። ሦስተኛው ቤትም መስኮት፤ እንዲያውም ጣሪያው ድሮ ሣር ነበር ወይስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብላ ጠይቃለች። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቤቶች ግን አላየናትም አሉ።

መኪናው ውስጥ ሩዋን ማስታወሻዋን ዘረጋች።

«ሦስተኛው ላይ ታይታለች፣ አምስተኛው ላይ አልታየችም። አራተኛው ምን አለህ?»

«አራተኛውማ ራሱ ጃርላት ነው፣ አለቃ። በሩን ዘግቶ ‹ቅድም ነግሬያችኋለሁ› አለኝ።»

«ምን ትላለህ? አራተኛው የኡልታን መጠጥ ቤት ነው።»

«ኡልታን ዘጠነኛ ነው።»

«ማላኪ፣ አራት መቁጠር አቃተህ? እሳቸው ቢሰሙህ…»

«ኧረ እየቆጠርኩ ነው የሄድኩት! ከድልድዩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ጃርላት!»

ሩዋን የመኪናውን በር ከፍታ መንገዱን መጀመሪያ ወደ ድልድዩ፣ ከዚያ ወደ ፍርስራሹ ተመለከተች።

«አለቃ? አመመዎት?»

«የድሮውን የሕዝብ ቆጠራ የሚያካሂደው ማን ነበር?»

«ፖሊስ ነዋ። መምህርት ሁሌ የሚያወሩት ነው።»

«ቤቶቹ ላይስ ቁጥር ነበረ?»

«የምን ቁጥር? ዛሬስ የታለ?»

«እንግዲያውስ ያ ቁጥር የቤቱ አይደለም። ፖሊሱ በር ያንኳኳበት ተራ ነው።»

በ1901 ጣቢያው ገና አልፈረሰም፤ ፖሊሱ ከዚያ ወጥቶ ከዚያው ጫፍ ጀመረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣቢያው ተዘጋና በ1911 ቆጣሪው ከከተማ መጣ፣ በድልድዩ በኩል። የአንዱ አራተኛ የሌላው ዘጠነኛ ነው። ኪልባኖች ከዘጠነኛ ወደ አራተኛ ቤት አልተዛወሩም፤ ዛሬ ጃርላት ከሚኖርባት ባለ ሁለት መስኮት ጎጆ ወጥተውም አያውቁም። የተዛወረው የፖሊሱ እግር ነበር። መምህርቷ የሰዎቹን ስም ብቻ አይታ ሰንጠረዡን ሰቀለች፤ ዴልያ በጋሪ ተገፍታ ተቀበረች።

ሩዋን ቆጠራውን ስልኳ ላይ ከፈተች፤ ዛሬ ማንም የሚያየው ነው። ከስሞቹ ቀጥሎ ስለ ቤቶቹ የተጻፈ ሌላ ገጽ አለ። የ1901 አራተኛ ቤት፣ ረዲ፤ የድንጋይ ጣሪያ፣ በፊት ለፊት አምስት መስኮት። የ1911 ዘጠነኛ ቤት፣ የድንጋይ ጣሪያ፣ አምስት መስኮት። ነዋሪ፣ ጊንቲ።

«የጌታ ያለህ!» አለ ማላኪ።

---

መጠጥ ቤቱ በፊት ለፊት ሦስት መስኮት ነበረው። የኡልታን ሚስት ኖኢሊን ደጃፉን ትጠርጋለች፤ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት።

«እትዬ ኖኢሊን፣ ይህ ቤት ድሮ ተጨማሪ መስኮት ነበረው?»

«እንዴት አወቅሽ?» ብላ ፈገግ አለች። «ያው፣ እዚህና እዚያ ሁለቱ ተደፍነዋል። ዝናብ ሲበዛ ግድግዳው ይረጥብና ቅርጻቸው ይወጣል። ኡልታን አይወደውም፣ በየዓመቱ ቀለም ይደርብበታል። ምን ነካቸው ሰዎቹ? እሑድም መምህርት ኦኖራ እዚሁ ቆመው ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ሲቀስሩ ነበር።»

ሩዋን ማስታወሻዋን አወጣች። «አዩዋቸው?»

«ከመኝታ ቤት። ልብስ ለብሼ ስወርድ ግን ሄደዋል። ስለ ዴልያ ላወራቸው ፈልጌ ነበር። እኔ እኮ ለቀብሯ ልሄድ ተነሥቼ ነበር፤ ኡልታን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።»

«እሑድ እንዳዩዋቸው ለኡልታን ነግረውታል?»

«ነግሬዋለሁ። ሕልም አይተሽ ነው አለኝ።» መጥረጊያዋን ያዘችና ቆመች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?»

---

ወደ ምድር ቤቱ የሚወረደው በጓሮ በኩል ነው፤ መሬት ላይ የተጋደመ የእንጨት በር፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ ደረጃ። የምድር ቤቱ ወለል በበረኪና ታጥቦ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። ሩዋን ባትሪዋን የታችኛው የእንጨት ደረጃ ላይ አበራች። እንጨቱ ተቧጥጧል፣ በስንጥቁ ውስጥም አንድ የጥፍር ስባሪ ቀርቷል።

ኡልታን ከኋላዋ ቆሞ አየው። ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«ለምን?» አለች ሩዋን። «መቶ ዓመት አልፎታል። ማንም ቤቱን አይወስድብዎትም ነበር።»

«ቤቱን!» አለ በንቀት፣ አክብሮቱንም ረሳ። «የዴልያን ሣጥን አይተሻል? እኔ በመስኮቴ ሆኜ አይቻለሁ። ማንም እንዳይሄድ በየቤቱ የዞርኩት እኔ ነኝ። ደግሞስ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የረዲዎችን ቤት የወሰድነው እኛ እንደሆንን አባቴ ሊሞት ሲል ነው የነገረኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያ ጋሪ ወደ እኔ ደጅ ሲመጣ እያየሁ ነው የኖርኩት። ያቺ ሴት ሰንጠረዧን ሰቅላ ጋሪውን ወደ ጃርላት ደጅ ላከችልኝ። ከዚያ እሑድ መጥታ፣ ‹ኡልታን፣ ተሳስቻለሁ፣ እርማቴን በድንጋዩ ምረቃ ላይ ለሁሉም እናገራለሁ› አለች። ለመንኳት። ተንበርክኬ ለመንኳት! ‹አንድ ንጹሕ ሰው በድያለሁ› ብላ ሙጭጭ አለች።»

«ገፉዋት።»

«በሩ ክፍት ነበር።»

«ለምን ወደ ጃርላት ገንዳ?»

«ጃርላት እኮ ከሞተ ቆይቷል። በሞተ ሰው ላይ ምን ቢጨመር ማን ይጎዳል?»

«እንዳልሞተች እያወቁ ነው ወደ ባንኮኒው የተመለሱት። ድምፁን የጨመሩት ለዚህ ነው።»

ኡልታን የታችኛውን ደረጃ አየ።

«ስሜን ትጠራ ነበር» አለ። «ለእርዳታ መሰለሽ? አልጮኸችም። ክፍል ውስጥ ስም እንደምትጠራ፣ ‹ኡልታን ጊንቲ› ትልና ዝም ትላለች። እንደገና ‹ኡልታን ጊንቲ›። አቤት እስክላት ትጠብቅ ነበር።»

ማላኪ ካቴናውን አስገባለት።

---

እሑድ ቄሱ ከመድረኩ ስሕተቱን በግልጽ ተናገረ። ቅዳሴው ሳያልቅ ጃርላት የተቀመጠበት አግዳሚ ሞላ። በሳምንቱ ሩዋን የምስክርነት ቃል ልታስፈርም ስትመጣ፣ መንደሩ እንዳለ ጃርላት ማሳ ላይ ነበር። ድርቆሹን ይገለብጡለታል፣ ይከምሩለታል፤ ሴቶቹ ኬክ ይቆርሳሉ፤ ፊንባር ስለ ሻይው ቅሬታ ያቀርባል። ጃርላት በመካከላቸው የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እየሠራ ይስቃል። ሩዋን ሲስቅ አይታው አታውቅም፣ ደስ አላት።

ያኔ ኖኢሊን መጣች።

ኡልታን ከታሰረ ጀምሮ አንድም ሰው ሱቋን አልረገጠም። ወተቱ እዚያው ተበላሽቷል፣ ዳቦው ሻግቷል። የማሳውን በር ከፍታ ገባ አለችና ቆመች፤ ከዚያ በላይ ለመራመድ አልደፈረችም።

«ጃርላት» አለች። «ስለ ዴልያ። ስለ ሁሉም ነገር። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

ሳቁ ተቋረጠ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ጀርባቸውን ሰጧት። ወንዶቹም ዞሩ። ጃርላት ብቻ ፊት ለፊት ተያያት። በዚህ ምድር ላይ ይህ ነገር እንዴት እንደሚያም የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው ብላ ሩዋን አሰበች፤ አሁን ይሄዳል፣ አሁን እጇን ይይዛታል።

«በሩን ነፋስ ከፈተው መሰለኝ» አለ ጃርላት ለወንዶቹ። «አንዳችሁ ዝጉት፤ በጎቹ ይወጣሉ።»

ፊንባር እያነከሰ ሄዶ ዘጋው። ኖኢሊን ጣቷን እንዳይቆርጣት ወደ ኋላ አፈገፈገች፣ ጥቂት ቆመች፣ መንገዱን ይዛ ሄደች።

ሩዋን ጃርላትን ክንዱን ይዛ ወደ አጥሩ ሳበችው።

«እሷ ምን አደረገችዎት? ለቀብሩ ልትመጣ ስትል ባሏ ነው የቆለፈባት። እሷ እውነቱን ባትናገር ዛሬ እርስዎ እስር ቤት ነበሩ። ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ጃርላት ወደ ማሳው አየ። ሰዎቹ ሥራቸውን አቁመው፣ እንደማይመለከቱ ሆነው እየተመለከቱት ነበር።

«ታዲያማ እሷን ካናገርኩ እነዚህ ሁሉ ነገ አይመጡም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ከእንግዲህ ብቻዬን መብላት አልችልም፣ ልጄ።»

ክንዱን ቀስ ብሎ ከእጇ አላቀቀ። መንሹን አንሥቶ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ፤ እነሱም መሐላቸው ቦታ ለቀቁለት።